«ሞተር አስቀይር፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ያለው ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ችግሩ፣ በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው።

አንዱ እውነተኛው ቅየራ ነው። የቤንዚኑ ሞተር ይወጣና የናፍጣ ይገባል። ይሄኛው በእርግጥ ይቆጥባል። አንድ ሊትር ናፍጣ ከቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ ብልጫ ያለው ኃይል ይይዛል፤ ሞተሩም አየሩን አብዝቶ ስለሚጨምቅ ነዳጁን በደንብ ይጠቀምበታል። ግን ወጪው የሞተሩ ብቻ እንዳይመስልህ። የናፍጣ ሞተር ከባድ ነው፤ ጉልበቱን የሚሰጠውም በዝቅተኛ ዙር ነው። የድሮው ካምቢዮና ዲፈረንሻል ካልተስማማው ሜዳ ላይ እየጮኸ ይሄዳል፤ ያሰብከውን ቁጠባም ውሃ በላው።

ለእኛ አገር ደግሞ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ይሻላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ለዚህ ነው። ነዳጅ አለ፣ አየር የለም።

ሌላው ሞተሩ ላይ የሚገጠመው፣ «በውሃ ይሠራል» የሚባለው ዕቃ ነው። ውሃውን ወደ ጋዝ የሚለውጠው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከዲናሞው ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ያው ነዳጅህ። ከጋዙ የሚገኘው ሁሌም ከወጣበት ያንሳል። ብርህን ያዝ።

ሊብሬውንም አትርሳ። የሞተር ቁጥር እዚያ ላይ ሰፍሯል። ሳታስመዘግብ ከቀየርክ ለቦሎ ስትቀርብ ወይ መኪናውን ልትሸጥ ስትል ቁጥሩ አልገጥም ይላል። የሞተሩን ሰነድ ሳትቀበል ለሻጩ አትክፈል፤ አስቀድመህም ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ።