አረንጓዴ ጣሪያና ሕያው ግድግዳ በመኖሪያ ቤቶች

አረንጓዴ ጣሪያ ማለት ተክል እንዲበቅልበት ታስቦ የተሠራ የቤት ጣሪያ ነው። ሕያው ግድግዳ ላይ ደግሞ ተክሉ የሚያድገው በቁሙ ነው። ሁለቱንም ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው። ቤቱን ከውሃ የሚጠብቀው ግን ከቅጠሉ በታች ተደብቆ ያለው ሥራ ነው።

ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ እንውሰድ። መጀመሪያ ሶሌታው ላይ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይነጠፋል። በላዩ የተክል ሥር የማይበሳው ንጣፍ ይመጣል፤ ሥር ጠባብ ስንጥቅ ካገኘ ሰርስሮ ይገባልና። ቀጥሎ ትርፍ ውሃ የሚወርድበት ንጣፍ አለ። ከዚያ ደቃቁ አፈር ታጥቦ መውረጃውን እንዳይደፍን የሚያጣራ ጨርቅ ይዘረጋል። አፈሩ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱም የጓሮ አፈር አይደለም። የጓሮ አፈር ይከብዳል፣ ቶሎም ይጠቀጠቃል። በምትኩ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የተፈጨ ጡብ ወይም በእቶን የተነፋ ሸክላ ከጥቂት ብስባሽ ጋር ይደባለቃል።

አንድ ነገር በፍጹም መዘለል የለበትም። ሽፋኑ እንደተነጠፈ ጣሪያው ላይ ውሃ ተቋጥሮ አንድ ሁለት ቀን ይፈተሻል። ተክሉ ከገባ በኋላ ቀዳዳ መፈለግ ማለት የተሠራውን ሁሉ መልሶ ማፍረስ ነው።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ክብደት ነው። ከሁለቱ የአረንጓዴ ጣሪያ ዓይነቶች የቀጭኑ የአፈር ጥልቀት ብዙውን ጊዜ ከ15 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ውሃ ሲጠግብ በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 150 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሚተከልበትም በአብዛኛው ሲደም ነው። ሲደም በወፍራም ቅጠሉ ውሃ ስለሚያጠራቅም ድርቅን ይችላል፣ ብዙ እንክብካቤም አይጠይቅም። ወፍራሙ ዓይነት ቁጥቋጦና ዛፍ ሳይቀር ይሸከማል፤ ክብደቱ ግን በካሬ ሜትር ብዙ መቶ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ነባር ቤት ላይ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው አንድ አካፋ አፈር እንኳ መውጣት የለበትም ባይ ነኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በፋሮ ደሴቶች ሰዎች ለዘመናት በሣር ጣሪያ ስር ኖረዋል። በኖርዌይ የበርች ዛፍ ቅርፊት እየተደራረበ ውሃውን ይከለክላል፤ ከላዩ የተጫነው ሣር ከነአፈሩ ቅርፊቱን አጥብቆ ይይዘዋል። የዛሬው ባለ ብዙ ንጣፍ አሠራር በብዛት ያደገው በጀርመን ነው። ቶሮንቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ደንብ ትልልቅ አዳዲስ ሕንፃዎች አረንጓዴ ጣሪያ እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አፈሩ ዝናቡን ይዞ ቀስ ብሎ ስለሚለቀው የከተማዋ የጎርፍ ማስወገጃ ፋታ ያገኛል።

ለነዋሪው ትልቁ ጥቅም የሚታየው በሙቀት ጊዜ ነው። ተክሉ ጥላ ይሆናል፣ ከእሱና ከአፈሩ የሚተነው ውሃም ጣሪያውን ያቀዘቅዛል። ውሃ መከላከያውም ከፀሐይ ስለሚጠለል ዕድሜው ይረዝማል። ለብርድ ግን ብዙ ተስፋ አይጣልበት። የረጠበ አፈር የቤቱ ሙቀት እንዳይወጣ በደንብ አያግድም፤ የተለመደው የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ያስፈልጋል።

ወደ ግድግዳው ስንመጣ ሁለት በጣም የተለያዩ አሠራሮች አሉ። አንደኛው መሬት ላይ የተተከለ ሐረግ በሽቦ ገመድ ወይም በብረት ፍርግርግ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ተክሉን ግድግዳው ላይ መትከል ነው። አሜሪካዊው ስታንሊ ሃርት ዋይት እ.ኤ.አ. በ1938 ለዚህ ዓይነት አሠራር የፈጠራ መብት አግኝቷል። በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው ግን ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፓትሪክ ብላንክ ነው። በእሱ ዘዴ አፈር የለም። ሥሩ ወፍራም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ውስጥ ይይዛል፣ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃም ከላይ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ውበቱ ልዩ ነው። ነገር ግን በሙቀት ወቅት ፓምፑ ከቆመ ተክሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል። ለአንድ ተራ ቤተሰብ ሐረጉ ይበልጣል እላለሁ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ውሃውንም ራሱ ከመሬት ያገኛል። ግድግዳው የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን እንደ አይቪ ያለ በራሱ ሥር የሚጣበቅ ሐረግ አይመከርም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሚላን ውስጥ የተመረቁት የቦስኮ ቬርቲካሌ መንትያ የመኖሪያ ሕንፃዎች በበረንዳዎቻቸው ላይ 800 ያህል ዛፎች ይዘዋል። ዛፎቹን የሚከረክሙት በገመድ ተንጠልጥለው የሚወርዱ ባለሙያዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ነዋሪ እንደፈለገ አይቆርጥም። በቻይናዋ ቼንግዱ የሆነው ሌላ ነው። እዚያ ባለ አረንጓዴ በረንዳ አፓርታማዎች ተሠርተው በጣም ጥቂት ቤተሰብ ብቻ ገባባቸው። የሚንከባከበው ያጣው ተክል በረንዳውን ዋጠው፣ ትንኝም አስቸገረ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2020 ዜና ሆኖ ነበር።

ቀጭኑ ጣሪያ እንኳ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ሰው ሊወጣበት ይገባል። የውሃ መውረጃዎቹ ከቅጠል መጽዳት አለባቸው። ነፋስና ወፍ ያመጡት የዛፍ ችግኝም ሥሩ ወደ ታች ሳይወርድ ይነቀላል።