ሮሊንግ አድሚሽን ምንድን ነው?

ግንቦት ላይ ጎንደር ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ባለበት ቤት ሁሉ ወሬው ብሔራዊ ፈተና ነው። አሜሪካ ሄዶ መማር ለሚፈልግ ልጅ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይጨመርበታል፤ በስም የሚያውቃቸው ኮሌጆች ማመልከቻ መቀበል ካቆሙ ወራት አልፈዋል። ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ግን ሮሊንግ አድሚሽን የሚባለውን የቅበላ አሠራር ቢያውቅ መልካም ነው።

ብዙዎቹ ስመ ጥር የአሜሪካ ኮሌጆች ለመደበኛ ቅበላ ቁርጥ ቀን አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 1 ወይም 15፣ በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር መጀመሪያ። ማመልከቻውን ሁሉ ሰብስበው ያወዳድሩና ውጤቱን መጋቢት አካባቢ ያሳውቃሉ። በሮሊንግ አድሚሽን የሚሠራ ኮሌጅ ግን የተሟላ ማመልከቻ እንደደረሰው ይመለከታል፣ በሳምንታት ውስጥ መልስ ይሰጣል፣ ቦታው እስኪሞላም መቀበሉን ይቀጥላል። አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ከዚህም ሌላ ናካክ የተባለው የአሜሪካ የኮሌጅ ቅበላ ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ ሜይ ወር ላይ ገና ቦታ ያላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩን ለማየት ክፍያ የለም፤ ደላላም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ከባዱን ነገር መናገር ግድ ይላል። ቦታ ቢኖርም ገንዘቡ ቀድሞ ያልቃል። ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው፤ ቀድሞ ያመለከተ ይወስደዋል። የቅበላ ደብዳቤ ብቻውን ደግሞ ቪዛ አያስገኝም። ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ የሚሰጠው ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን በማስረጃ ሲያይ ነው። ቀጥሎ ሴቪስ ለተባለው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ የሚከፈል 350 ዶላር አለ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ። ትምህርቱ የሚጀምረው ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው።

ስለዚህ አርፍዶ የሚያመለክት ልጅ የማመልከቻ ድርሰቱን ከመጻፉ በፊት ለኮሌጁ የቅበላ ክፍል አጭር ኢሜይል እንዲልክ አጥብቄ እመክራለሁ። ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ለውጭ አገር ተማሪ የሚሆን ስኮላርሺፕ ለዘንድሮ ቀርቷል ወይ? ትምህርቱን ነሐሴ ሳይሆን ጃንዋሪ ላይ ለመጀመር ማመልከት ይቻላል ወይ? የማመልከቻ ክፍያውስ ሊነሣልኝ ይችላል ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ቤተሰብ 50 ዶላር መላክ ራሱ ፈተና ነው፤ ሲጠየቁ ክፍያውን የሚተዉ ኮሌጆችም ብዙ ናቸው።

ወረቀቱንም ክረምት ሳይገባ መጨረስ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ማኅተም የሚመታ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር ፍለጋ ከአዘዞ ማራኪ መንከራተት ይመጣል። ትራንስክሪፕት ሲወጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ወላጅም ተማሪም አብረው ይዩት። የአባት ስም በአንዱ ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ቢጨመርበት የማብራሪያ ደብዳቤ ያስጽፋል፤ አርፍዶ ለሚያመለክት ሰው ደግሞ አንድ ሳምንት ብዙ ነው።

ገንዘቡ ዘንድሮ ካልተገኘ በመጪው ጥቅምትና ኅዳር ቀድሞ ማመልከት ይሻላል። እስከዚያው አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስባል? ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ተማሪ እንደ ዝውውር አመልካች ይቆጥሩታል፤ ለውጭ አገር የዝውውር ተማሪ የሚሰጠው እርዳታ ደግሞ በአብዛኛው ያነሰ ነው። ይህ ማለት ምደባውን ይተው ማለት አይደለም፤ በእጅ ያለን ወንበር ገና ላልመጣ ደብዳቤ መልቀቅ አደገኛ ነው። ከመመዝገቡ በፊት ግን የሚፈልጋቸውን ኮሌጆች አንድ በአንድ ጠይቆ መልሳቸውን በጽሑፍ ይያዝ።