ሙቀት፣ ቡና እና ፍሬ ሰርሳሪው ጥንዚዛ

የቡና ፍሬ ሰርሳሪ ጥንዚዛ ቡናን ከሚያጠቁ ነፍሳት ሁሉ በዓለም የከፋ ጉዳት የሚያደርስ ነው። ሴቷ ርዝመቷ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የፍሬውን እምብርት በስታ ትገባና ውስጡ እንቁላል ትጥላለች፤ እጮቹም ፍሬውን ከውስጥ ይበሉታል። ወንዶቹ መብረር ስለማይችሉ እዚያው ተራክበው ይሞታሉ፣ የተራከቡት ሴቶች ግን ወጥተው ሌላ ፍሬ ይፈልጋሉ። ዕድሜያቸውን በአብዛኛው ፍሬ ውስጥ ስለሚያሳልፉ ፀረ ተባይ ቢረጭም እምብዛም አያገኛቸውም።

የአረቢካ ቡና ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይስማማዋል። ጥንዚዛው ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች አይራባም፣ ከ32 በላይም ይቸገራል። በመካከሉ ሙቀት ሲጨምር የመራባት አቅሙ በአብዛኛው ያድጋል። ተክሉን የሚያስጨንቀው ሙቀት ተባዩን ያደልበዋል ማለት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሰላው ጅማ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጥንዚዛው አንድ ትውልድ እንኳ ለመጨረስ ቀዝቃዛ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ያደርሳል። ይህ ከሙቀት መዝገብ የተሰላ እንጂ ማሳ ላይ የተቆጠረ አይደለም። ነፍሳቱ በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበውም ቀደም ብሎ በ1967 እ.ኤ.አ. ነው።

ዝናብም የራሱ ድርሻ አለው፣ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል። ቡና የሚያብበው ከደረቅ ወራት በኋላ በሚጥለው ዝናብ ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲቆራረጥ አበባው በየዙሩ ይፈነዳል። ሴቷ ውሃ የቋጠረ ለጋ ፍሬ ብትበሳም ውስጡ እስኪጠነክር ትጠብቃለች እንጂ እንቁላል አትጥልም። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ለጋ፣ ብስልና ደረቅ ፍሬ አብሮ ሲገኝ ግን የምትጠብቅበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ከሁሉም የሚበልጠው መከላከያ ለቀማ ነው። ከአዝመራ በኋላ ዛፍ ላይ የቀረውንና መሬት የወደቀውን ፍሬ አንድ ሳያስቀሩ ማንሳት ያስፈልጋል፤ አንድ ደረቅ ጀንፈል ብዙ ሴቶችን ይዞ እስከ ቀጣዩ ፍሬ ይቆያል። የተለቀመው ማሳ ዳር ከተጣለ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ በፈላ ውሃ ይነከራል ወይም ጠልቆ ይቀበራል። ዋንዛ፣ ሳሳና ብርብራ ጥላቸው ከሥሩ ያለውን ሙቀት ስለሚቀንስ የጥንዚዛውን እርባታ ያዘገየዋል። ጥላው ሲጠቅጠቅ ግን ምርቱ ይቀንሳል፣ እርጥበቱም ለበሽታ ይመቻል፤ ቅርንጫፉን ማሳሳት ይገባል። የአልኮል ድብልቅ የያዘ ቀይ ወጥመድ የሚይዘው የሚበሩትን ብቻ ስለሆነ ጊዜው የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ አዲሱ ፍሬ ከጠነከረ በኋላ ቢሰቀል ባዶውን ይውላል።