ፓቬው ሁልካ-ላስኮቭስኪ፦ ሽቬይክን ፖላንድኛ ያናገረው ጋዜጠኛ

ፓቬው ሁልካ-ላስኮቭስኪ (1881–1946 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ፣ ደራሲና የቼክ ሥነ ጽሑፍ ተርጓሚ ነበር። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በአብዛኛው የያሮስላቭ ሃሼክን ልብ ወለድ፣ የደጉን ወታደር የሽቬይክን ገጠመኞች፣ ወደ ፖላንድኛ በመመለሱ ነው። ትርጉሙ ከ1929 እስከ 1931 ባሉት ዓመታት ታትሞ ወጣ። ሁለት አዳዲስ ትርጉሞች ቢከተሉትም ከአንባቢ እጅ አልወጣም። ስለ ሽቬይክ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ተርጓሚው የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ የውስጥ ሽፋን ላይ ከሰፈረችው አንዲት መስመር አያልፍም። ሰውየው በዘመኑ የትውልድ ከተማው ሠራተኞች ጠበቃ በመሆን የታወቀ ጋዜጠኛ ነበር። ትርጉሙንም ከዚህ ኑሮው ነጥሎ መረዳት አይቻልም።

የተወለደባት ከተማ

ሁልካ-ላስኮቭስኪ ሰኔ 29 ቀን 1881 የተወለደው ከዋርሶ በስተ ደቡብ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ዢራርዱፍ ነው። አገሩ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ዛር ሥር ነበር። ዢራርዱፍ በፋብሪካ ዙሪያ የበቀለች ከተማ ናት። ስሟን እንኳ ያገኘችው የተልባ ክር መፍተያ መኪና ከፈለሰፈው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከፊሊፕ ደ ዢራር ነው። በ1857 ሂሌ እና ዲትሪክ የተባሉ ባለሀብቶች ፋብሪካውን ገዝተው በአውሮፓ ካሉት ታላላቅ የተልባ እግር ጨርቅ ፋብሪካዎች ተርታ አሰለፉት። በዙሪያውም ለሠራተኛው በቀይ ጡብ መኖሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የሕፃናት ማቆያ ተሠሩለት። ሠራተኛው ከብዙ ወገን የመጣ ነበር፤ ፖላንዳዊው፣ ጀርመኑ፣ አይሁዱና ቼኩ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር።

ያ ሁሉ ጡብ ግን የደመወዝን ጥያቄ አላስቀረውም። ሕፃኑ ፓቬው ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 1883፣ ክር የሚያጠነጥኑት ሴቶች ክፍያችን ተቀነሰ ብለው ሥራ አቆሙ። አድማው መላውን ፋብሪካ አዳረሰ። ወታደር ተጠርቶ ተኮሰ፤ ሦስት ወጣቶች ሞቱ። በፖላንድ የሠራተኛ ታሪክ ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ታላቅ አድማ ተደርጎ ይቆጠራል። የከተማዋ ሰው ሲያወራው የኖረ ታሪክ ነው፤ ሁልካ-ላስኮቭስኪም ያደገው በዚህ ወሬ መካከል ነው።

ቼክኛው ከየት መጣ

በዘሩ ከቼክ ወንድሞች ይወለዳል። እነዚህ የቼኩን የሃይማኖት ተሐድሶ ሰባኪ የያን ሁስን ትምህርት የወረሱ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በ1620 በፕራግ አጠገብ በነጩ ተራራ ጦርነት የቼክ ፕሮቴስታንቶች ተሸንፈው የቼኮች አገር ቦሔሚያ በኃይል ወደ ካቶሊክነት ስትመለስ፣ ብዙዎቹ አገር ጥለው ወጡ። በ18ኛው መቶ ዘመን ከፊሎቹ በፕሩሲያ ሥር በነበረችው ሲሌዥያ ሰፈሩ። ከዚያም በ1803 የተወሰኑት ወደ መካከለኛው ፖላንድ ወርደው ዜሉፍ የተባለችውን መንደር አቀኑ። ከዜሉፍ ደግሞ ሽመና የሚያውቁት ወደ ዉጅና ወደ ዢራርዱፍ ፋብሪካዎች ፈለሱ። በደረሱበት ሁሉ የሚጸልዩት በቼክኛ፣ የሚያነቡትም በ16ኛው መቶ ዘመን በክራሊትሴ የታተመውን የወንድሞችን መጽሐፍ ቅዱስ ነበር።

እንግዲህ ሁልካ-ላስኮቭስኪ ቼክኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ ተምሮ የመጣ ተርጓሚ አልነበረም። ቋንቋው ከቅድመ አያቶቹ ጸሎት ጋር አብሮ የወረደለት ነው። ይህ ለሥራው ትልቅ ጉልበት ሆኖታል፤ ተቺዎቹ በኋላ የሚያነሱበት እንከንም ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ከድሃ የሠራተኛ ቤት ስለተወለደ ገና በልጅነቱ ፋብሪካ ገባ። ያነበበውን በራሱ ጥረት ነው ያነበበው። ኋላም ጀርመን አገር ሄዶ በሃይደልበርግ ፍልስፍናና የሃይማኖት ታሪክ ተማረ። ሕዝቡ አብዛኛው ካቶሊክ በሆነበት አገር የጥቂቶቹ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለነበር፣ የእምነት ነፃነት ዕድሜውን ሁሉ የጻፈበት ጉዳይ ሆነ።

ጋዜጠኛው እና የዢራርዱፍ ቅሌት

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው የጋዜጠኝነት ዘመኑ በጽሑፍ ልምምድና በመተዳደሪያ ፍለጋ አለፈ። ስሙ የጎላው ፖላንድ በ1918 ነፃ ከወጣች በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1915 የሩሲያ ጦር ሲያፈገፍግ የዢራርዱፍን ፋብሪካ በፈንጂ አፈረሰው። አዲሱ የፖላንድ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ጠግኖ አስነሳው። በ1923 ግን ፋብሪካው ማርሴል ቡሳክ በተባለ ፈረንሳዊ የጨርቃ ጨርቅ ከበርቴ በሚመራ ቡድን እጅ ገባ። መንግሥት ያወጣበትን ገንዘብ በወጉ ሳያስመልስ፣ በዋጋም እጅግ ረክሶ ተሰጠ የሚለው ክስ ፓርላማ ደረሰ። ጉዳዩን ያስፈጸመው ሚኒስትር ቭዋዲስዋፍ ኩሃርስኪም ተከሰሰ። «የዢራርዱፍ ቅሌት» የሚለው ስም የወጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው በሙሉ በዓይኑ አየ። ሠራተኛው በብዛት ተቀነሰ፣ መኪናዎች ቆሙ። ፋብሪካው ብቸኛ እንጀራዋ በሆነባት ከተማ ከሥራ መባረር ማለት ከመኖሪያ ቤትም ጭምር መፈናቀል ነበር። ሁልካ-ላስኮቭስኪ የአገር ልጅ በመሆኑ የተባረሩትን በየቤታቸው ያውቃቸዋል። በዋርሶ ጋዜጦች ላይ ደጋግሞ ጻፈ። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ብላሆቭስኪ የተባለ ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ የፋብሪካውን ዳይሬክተር ጋስቶን ኬለርን በዋርሶ መንገድ ላይ ተኩሶ ገደለው። የፍርድ ሂደቱ አገሩን ሁሉ አነጋገረ፤ ከገዳዩ ጎን ለጎን የፋብሪካው አሠራርም በሕዝብ ፊት ለፍርድ ቀረበ ማለት ይቻላል።

ሁልካ-ላስኮቭስኪ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ ስለ ራሱና ስለ ከተማው የሚተርከውን «የእኔ ዢራርዱፍ» የተሰኘ መጽሐፍ አወጣ። የቤተሰብ ትዝታ፣ የፋብሪካ ታሪክና የጋዜጠኛ ክርክር አንድ ላይ የተዋሃዱበት ሥራ ነው። ስለ ፖላንድ ሠራተኛ ኑሮ በዚያ ዘመን ከተጻፉት ውስጥ፣ ከውጭ ሆኖ ከሚያዝን ምሁር ሳይሆን ከውስጥ ከወጣ ሰው የተገኘ በመሆኑ የላቀ ቦታ ይገባዋል። በዚያው ዓመት ፋብሪካው በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሞግዚት አስተዳደር ሥር ዋለ። ለዚህ የጋዜጦች ጩኸት ድርሻ እንዳለው ብዙም አያጠራጥርም፤ የሁልካ-ላስኮቭስኪ ብዕር ደግሞ ከዚያ ጩኸት ዋነኞቹ አንዱ ነበር።

ሽቬይክ

ሃሼክ በ1883 ተወልዶ በ1923 ገና በ39 ዓመቱ የሞተ፣ እሱም ራሱ ጋዜጠኛ የነበረ የፕራግ ሰው ነው። ልብ ወለዱን ከ1921 ጀምሮ በቀጫጭን ክፍሎች እየከፋፈለ አሳተመ፤ ሳይጨርሰውም ሞተ። የአገሩ ተቺዎች መጀመሪያ ላይ የመጠጥ ቤት ወሬ ነው ብለው ናቁት። በውጭ አገር ያሳወቀው በ1926 የወጣው የግሬቴ ራይነር የጀርመንኛ ትርጉምና በ1928 ኤርቪን ፒስካቶር በርሊን ላይ ያቀረበው ትያትር ነው። በቀጣዩ ዓመት ሩይ የተባለው የዋርሶ አሳታሚ የሁልካ-ላስኮቭስኪን ትርጉም ማውጣት ጀመረ።

የትርጉሙን ባሕርይ ለማየት የመጽሐፉ መክፈቻ ይበቃል። ሽቬይክ ቁርጥማት የያዘውን ጉልበቱን በቅባት እያሸ ተቀምጧል። ቤቱን የምታጸዳለት ሴት ገብታ ፈርዲናንድን ገደሉብን ትለዋለች። እሱም የትኛውን ፈርዲናንድ ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለት ያውቃልና። አንደኛው የመድኃኒት መደብር ተላላኪ ሆኖ በስህተት የጸጉር ቅባት የጠጣው፣ ሌላው የውሻ ኩስ የሚለቅመው ነው። ሁለቱም ቢሞቱ አይጎዳም ይላል። የሞተው ግን የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ነው፤ ዓለምም በዚህ ሞት ሰበብ ወደ ጦርነት ልትገባ ነው። እዚህ ላይ ሳቁ የሚመጣው ከሽቬይክ የንግግር ርጋታ ነው። ተርጓሚው ለማስሳቅ ከቸኮለ ይበላሻል። ሁልካ-ላስኮቭስኪ አልቸኮለም፤ ሽቬይክን ረጋ ያለ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ከፋብሪካ በር ላይ የምታገኙትን ዓይነት ሰው አድርጎ አናገረው። ይህችን የመክፈቻ ንግግር ፖላንዳውያን እስከ ዛሬ በቃላቸው የሚሏት በእሱ አነጋገር ነው።

ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ሃሼክ የጻፈው በመጻሕፍት ቼክኛና ፕራግ መንገድ ላይ በሚነገረው ቼክኛ መካከል እየተመላለሰ ነው። ፖላንድኛ እንዲህ በመላ አገሩ የሚታወቅ ሁለተኛ የንግግር ወግ የለውም። ሁልካ-ላስኮቭስኪ ሽቬይክን በአንድ የፖላንድ አውራጃ ዘዬ ቢያናግረው ኖሮ የዚያ አውራጃ ገበሬ ይሆንበት ነበር። ስለዚህ ትንሽ ያረጀና የተረት ለዛ ያለውን ፖላንድኛ መረጠ። በዚህ ምክንያት የሃሼክ ስድብ ለዝቧል፣ የወታደር ቤቱ ሻካራነትም ቀንሷል የሚሉ አሉ፤ ተገቢ ነቀፋ ነው። የቼክኛ አሻራ ያለባቸው አገላለጾች አልፎ አልፎ ሾልከው ገብተዋል የሚለውም አይካድም። ሆኖም አንባቢው መጽሐፉን የወደደው ከነዚህ ጋር ነው።

ታሪኩ ለፖላንድ አንባቢ ቅርብ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። የሽቬይክ ክፍለ ጦር በባቡር ሃንጋሪን አቋርጦ የሚደርሰው ዛሬ ከፊሉ በፖላንድ ደቡብ ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ጋሊሲያ ነው፤ ሳኖክና ፕሼሚሽል በልብ ወለዱ ውስጥ በስማቸው አሉ። ከኦስትሪያ ጦር የተመለሱ የጋሊሲያ ፖላንዳውያን መኮንኖቹንም ትእዛዙንም ያውቁት ነበር። ሁለቱም ከተሞች በኋላ ለሽቬይክ ሐውልት አቁመውለታል።

ሁልካ-ላስኮቭስኪ የቼኩን ደራሲ የካሬል ቻፔክንም ሥራ ተርጉሟል። ከእነዚህ አንዱ በ1922 የወጣው «የፍጹሙ ፋብሪካ» የተሰኘው ልብ ወለድ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ቁስን ሙሉ በሙሉ የሚያቃጥል መኪና ከጉልበቱ ጋር መለኮትንም ይለቅቃል፤ ሰዎችም በሃይማኖት ሰበብ ይፋጃሉ። ፋብሪካ ውስጥ አድጎ የሃይማኖት ታሪክ ለተማረ ተርጓሚ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1938 ፖላንድ፣ ቼኮዝሎቫኪያ መሬቷን ለናዚ ጀርመን እንድትለቅ ካስገደዳት ከሙኒክ ስምምነት ማግሥት፣ ከኦልዛ ወንዝ ማዶ ያለውን የቼኮዝሎቫኪያ ግዛት በያዘችበት ዓመት፣ ሁልካ-ላስኮቭስኪ ስለዚያው አካባቢ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ለቼክ ባህል ይህን ያህል የደከመ ሰው በዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ መግባቱ ለአንዳንዶች እንግዳ ሊሆን ይችላል። በአካባቢው ብዙ ፖላንድኛ ተናጋሪ ፕሮቴስታንቶች ይኖሩ እንደነበር ግን መዘንጋት የለበትም።

ጦርነቱን አልፎ ሕይወቱን የጨረሰው በቼሺን ነው። ከተማዋ በ1920 በኦልዛ ወንዝ ለሁለት ተከፍላ ግማሿ ለፖላንድ፣ ግማሿ ለቼኮዝሎቫኪያ የደረሰች ናት። ጥቅምት 29 ቀን 1946 በ65 ዓመቱ ዐረፈ።

ከእሱ በኋላ

ዮዜፍ ቫችኩፍ በ1991፣ አንቶኒ ክሮህ ደግሞ በ2009 ሽቬይክን እንደ አዲስ ተርጉመዋል። ሁለቱም የሃሼክን ሻካራ ቋንቋ ወደ ቦታው ለመመለስ ጥረዋል፤ በብዙ ቦታም ከቀዳሚው ይልቅ ለምንጩ ቅርብ ናቸው። ያም ሆኖ አንባቢው በለመደው ድምፅ ላይ መጻፍ ነበረባቸው፤ ድምፁም የሁልካ-ላስኮቭስኪ ነው። በፖላንድ ሕግ የደራሲ መብት ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ፣ የእሱ ትርጉሞች ከጥር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ለማንም ክፍት ሆነዋል። ሽቬይክም ሆነ የቻፔክ ልብ ወለድ በእሱ ትርጉም «ቮልኔ ሌክቱሪ» በተባለው የፖላንድ ነፃ የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይነበባሉ።