ትኬቱ ያለው ስልካችሁ ላይ አይደለም፦ ስለ ኦንላይን ትኬት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው አንዲት ጓደኛዬ የኮንሰርት ትኬት በስልኳ ልትቆርጥ ቁጭ አለች። መቀመጫ መረጠች፣ "ክፈል" የሚለውን ነካች። ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች፤ አላቆምም አለች። ደግማ ነካች። ሦስተኛም ነካች። ትንሽ ቆይቶ ሦስት የክፍያ መልእክት ገባላት፤ ትኬት ግን አንድም የለም። "ተዘረፍኩ!" አለች። ማንም አልዘረፋትም። የሆነውን ለማስረዳት ግን ከትኬቱ ጀርባ ያለውን መንገር ነበረብኝ። ያኔ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ቃል። ኤፒአይ ማለት አንዱ ሶፍትዌር ሌላውን የሚጠይቅበት እና መልስ የሚያገኝበት ደንብ ነው። "ረድፍ 4፣ መቀመጫ 12 ክፍት ነው?" ይላል አንዱ። "ተይዟል" ይላል ሌላው። የኦንላይን ትኬት ሥራ የሚሄደው በእንዲህ ዓይነት ጥያቄና መልስ ነው።

"ትኬቱን የሚሸጥልኝ አፑ ነው"

ብዙ ጊዜ አፑ መስኮት ብቻ ነው። የመቀመጫው መዝገብ አንድ ቦታ፣ ክፍያው ሌላ ቦታ፣ ኤስኤምኤሱ ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ነው። ትኬት ሻጩ የአሜሪካ ኩባንያ ትኬትማስተር የዝግጅቶቹን ዝርዝር ዲስከቨሪ በሚባል ኤፒአይ ለሌሎች አፕ ሠሪዎች ይሰጣል። በነጻ ቁልፍ፣ ማለትም የመጠቀሚያ ኮድ፣ ያወጣ ሰው በተለመደው ገደብ በቀን 5,000 ጥያቄ መላክ ይችላል። ስለዚህ ኮንሰርቱን ያሳያችሁ አፕ ከሽያጩ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል።

"ብሩ ከተቆረጠ ትኬቱ የእኔ ነው"

ጓደኛዬን ያስደነገጣት ይሄ ነው። መቀመጫ ስትመርጡ ሲስተሙ ለጥቂት ደቂቃ ይይዝላችኋል፤ ገና አልሸጠላችሁም። ከዚያ ወደ ባንክ ወይም እንደ ቴሌብር ወዳለ የክፍያ ሲስተም ይልካችኋል። ብሩ ሲቆረጥ የክፍያው ሲስተም ለትኬቱ ሲስተም "ይህ ትዕዛዝ ተከፍሏል" ብሎ መንገር አለበት። ትኬቱ የሚወጣው ያ መልእክት ሲደርስ ነው። መልእክቱ መንገድ ላይ ከዘገየና የመያዣው ሰዓት ካለፈ፣ ብሩ ሄዷል፤ መቀመጫው ግን ለሌላ ሰው ተለቋል።

በደንብ የተሠራ ሲስተም ለዚህ መላ አለው። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የማይደገም ቁጥር ይሰጣል። ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ "ይሄንን አይቼዋለሁ" ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣል እንጂ እንደገና አያስከፍልም። ጓደኛዬ የገጠማት ሲስተም ይሄ አልነበረውም። ሦስቱንም ንክኪ እንደ ሦስት ትዕዛዝ ቆጠረው። ከባድ ሥራ አይደለም፤ አለመሠራቱ ያናድደኛል። የሰው ገንዘብ እኮ ነው።

እናንተ በበኩላችሁ ክቧ ስትዞር ደግማችሁ አትንኩ። መጀመሪያ የክፍያ መልእክት መግባቱን እዩ። የግብይት ቁጥሩን ያዙ፣ አቤት የምትሉትም በእሱ ይሁን። የጓደኛዬ ብር የተመለሰላት በዚሁ ቁጥር ነው።

"ሲስተሙ የሚወድቀው ሰርቨር ስላነሰው ነው"

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 ቀን 2022 የቴይለር ስዊፍት ኮንሰርት ቅድመ ሽያጭ ሲከፈት፣ ትኬትማስተር 3.5 ቢሊዮን ጥያቄ እንደመጣበት ተናግሯል። ከዚያ በፊት ካየው ከፍተኛ መጨናነቅ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። በመካከሉ ቦቶች፣ ማለትም እንደ ሰው ሆነው ትኬት የሚሻሙ ፕሮግራሞች ነበሩበት። ከሦስት ቀን በኋላ ሊደረግ የነበረው ለሁሉም ክፍት ሽያጭ ተሰረዘ።

ሰርቨር፣ ማለትም ጥያቄዎቹን ተቀብሎ የሚመልስ ኮምፒውተር፣ መጨመር ይረዳል። መቀመጫ 12 ግን አንዲት ናት። ሺህ ሰው በአንድ ሰከንድ ቢጠይቃት መዝገቡ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ሁሉ መመለስ አለበት። ወረፋው የሚታነቀው እዚያች ጋ ነው። ትልልቆቹ ሻጮች ሰውን መጠበቂያ ገጽ ላይ አቁመው በጥቂት በጥቂቱ የሚያስገቡትም ለዚህ ነው።

"ሪፍሬሽ ሳደርግ ተራዬ ቶሎ ይደርሳል"

አይደርስም። ከአንድ ሰው ጥያቄ ሲበዛ ብዙ ኤፒአዮች "429" ብለው ይመልሳሉ፤ "በዛብኝ" ማለት ነው። ቦትም ልትመስሉ ትችላላችሁ።

"ኪዩአር ኮዱ ራሱ ትኬት ነው፤ ስክሪንሾት ይበቃኛል"

ኪዩአር ኮድ በ1994 ጃፓን ውስጥ የመኪና ዕቃዎችን ለመከታተል የተሠራ ምልክት ነው። ትኬት ላይ ሲሆን ውስጡ ያለው በአብዛኛው አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ነው። በር ላይ የቆመችው ልጅ ስልኳን ስታስጠጋ፣ ስልኳ መዝገቡን ይጠይቃል፦ "ይሄ ቁጥር አለ? ገብቷል?" መዝገቡ "ይግባ" ካለ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቁጥሩም ያኔውኑ "ገብቷል" ተብሎ ይመዘገባል። ያንኑ ስክሪንሾት ይዞ ለሚመጣው ለሁለተኛው ሰው ቀይ ይበራል። የከፈለው እሱ ቢሆንም እንኳ።

ትኬትማስተር ከ2019 ጀምሮ ኮዱ በየጥቂት ሰከንዱ የሚቀያየር ትኬት አምጥቷል፤ እዚያ ስክሪንሾት በር አያስከፍትም። ኮዱ በማይቀያየርበት ቦታ ግን፣ ትኬት በቆረጣችሁ ቀን ደስ ብሏችሁ ፎቶውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከለጠፋችሁት፣ ቀድሟችሁ በሩ ላይ የደረሰ ሰው በእናንተ ቁጥር ይገባል።