«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል»፤ የማን ስም?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው አባባል አሁን አሁን የገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ ማድመቂያ ሆኗል። የመድረክ መሪው ወደ ባለሀብቶቹ ዞሮ «ስማችሁ በእብነ በረድ ይቀረጻል፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና እጃችሁን ዘርጉ» ሲል ስሰማ አንጀቴ ያራል። ተረቱ እኮ እብነ በረድ የማያውቅ ገበሬ ተረት ነው።

ባደግንበት በሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ የገበሬ መቃብር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያለ የድንጋይ ክምር ነበር። ጽሑፍ የለውም። ክረምት ሲገባ ሣር ይውጠዋል፤ ጥቂት ዓመት ካለፈ የማን እንደሆነ የሚለየው የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው።

አያቴን ሰፈሩ ሁሉ «የታደሰ እናት» እያለ ነበር የሚጠራቸው። «የታደሰ እናት፣ ቡና ደርሷል!» ታደሰ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ድርቆሽ በአህያ ጭኖ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ሽሮ ሜዳ የሚሸጥ፣ ጺሙ ገና ያቀመቀመ ወጣት። አንድ ሰኔ ከገበያ ሲመለስ ዝናብ ደበደበው፤ ውጋት ያዘውና ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። አላገባ፣ አልወለደ። ከእሱ በኋላ የተወለደውን አባቴን «ምትኩ» አሉት። ካሳ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ ከሚባሉት ብዙዎቹም ከስማቸው በስተጀርባ አንድ የሞተ ሰው አለ። አያቴን ግን «የምትኩ እናት» ያላቸው የለም። ታደሰ ሲያርስ ያጮኸው የነበረው ጅራፍ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣ ጠፍሩ እንዳይደርቅ ቅቤ ይቀቡት ነበር። ስንነካው «የታደሰን ጅራፍ ተዉ!» ይሉናል። ያላየነውን አጎታችንን ያወቅነው እንዲህ ነው።

ተረቱ ከፍታት የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ሌላ ስም ይወጣላቸዋል። ቄሱ ሲፈቱ የሚጠሩት ይህንኑ የክርስትና ስም ነው፤ እሱ ከሟቹ ጋር ይሄዳል። እናት ያወጣችለት የቤት ስም ግን ከጉድጓዱ አፋፍ ይቀራል፤ አልቃሾቹ እየጠሩት ወደ መንደር ይዘውት ይመለሳሉ። ከመቃብር በላይ የሚውለው ይኸኛው መሆን አለበት፤ ምንጭ ወርዶ፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፎ፣ ዕድር ተቀምጦ ከሰው ጋር የሚውለው።

ከመድረኩ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው። ልጅ የሞተበት ቤት ገብተው «አይዟችሁ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይሉና፣ የልጁን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሱ ንፍሮ ቀምሰው የሚወጡ አሉ። እናቱን ላለማስለቀስ ብለው ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ስሙን የሚጠራው ከሌለ የት ይዋል? ተረቱን ለመናገር የደፈረ ሰው መጀመሪያ ልጁን በስሙ ያንሳው፤ እናቱንም በልጇ ስም ይጥራት።