የደማስቆ አፈሙዝ፦ የሊዬዥ ቀጥቃጮች ብረት የገመዱበት ሙያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ጥሩ የአደን ጠመንጃ ካጋጠማችሁ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። አፈሙዝ ስል ጫፉን ብቻ ሳይሆን ቱቦውን በሙሉ ማለቴ ነው። ቡናማና ብርማ መስመሮች እየተጠቀለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። ብዙ ሰው ሲያየው የተቀባ ወይም የተቀረጸ ጌጥ ይመስለዋል። አይደለም። መስመሩ ብረቱ ራሱ ነው፤ የቀጥቃጩ እጅ ያለፈበት መንገድ ነው።

ስሙ የመጣው ከሶሪያዋ ደማስቆ ነው። የከተማዋ ስም ከታወቁት ጎራዴዎች ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። የጎራዴዎቹ ብረት በሸክላ ውስጥ ቀልጦ የሚዘጋጅ፣ ከህንድ የሚመጣ ዓይነት ነበር። የአፈሙዙ መልክ ግን የሚወጣው ሁለት ዓይነት ብረት በእሳትና በመዶሻ አንድ ላይ ሲበየድ ነው። በአውሮፓ ብዙ ቦታ ተሠርቷል፤ የእንግሊዙ በርሚንግሃም አንዱ ነው። ዋናው አገሩ ግን ቤልጂየም፣ የሊዬዥ ከተማ አካባቢ ነበር። በተለይ በቬስድር ወንዝ ሸለቆ ያሉት እነ ኔሶንቮ የቀጥቃጮች መንደሮች ነበሩ። የድንጋይ ከሰሉ ቅርብ ነበር፤ ወንዙ ደግሞ መብሻና መሞረጃ ማሽኖቹን ያዞር ነበር። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ለስላሳ ብረትና ጠንካራ አረብ ብረት ተራ በተራ ይደረደራል። ክምሩ ነጭ እስኪሆን ይግልና ተቀጥቅጦ አንድ ይሆናል። ከዚያ እየተሳበ ቀጭን፣ አራት ማዕዘን ዘንግ ይወጣዋል። ዘንጉ እንደገና ይግላል፤ አንዱ ጫፉ ይታሰርና ሌላው በመዘውር ይዞራል። ልክ እንደ ገመድ ይገመዳል። በውስጡ ያሉት ስስ ንጣፎችም አብረው ይጠማዘዛሉ።

የተገመዱት ዘንጎች ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ስድስት እየሆኑ ጎን ለጎን ይበየዳሉ። አንዱ ወደ ቀኝ ከተገመደ ጎረቤቱ ወደ ግራ ነው። በዚህ የሚገኘው ጠፍጣፋ ጥብጣብ በስስ የቆርቆሮ ቱቦ ላይ ይጠመጠማል፤ ጣት ላይ ፋሻ እንደምንጠመጥመው ማለት ነው። ባሩዱ የሚፈነዳበት የኋላው ክፍል ወፍራም ጥብጣብ ይሰጠዋል፤ ወደ ፊት እየሳሳ ይሄዳል።

አሁን ከባዱ ሥራ መጣ። የጥምጥሙ ጠርዞች ክፍተት ሳይኖራቸው መያያዝ አለባቸው። ዋናው ቀጥቃጭ ትንሽ ትንሹን እያጋለ ያወጣዋል። ቱቦውን ቀጥ አድርጎ መስፉ ላይ ይወቅጠዋል፤ ጠርዞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ወዲያው ረዳቶቹ በመዶሻ ይቀበሉታል። እሳቱ ካነሰ አይያያዝም፤ ከበዛ ይቃጠላል። የሙቀት መለኪያ የሚባል ነገር የለም። ያለው የቀጥቃጩ ዓይን ነው። ትንሽ የብረት ቅርፊት መሃል ከገባ ከዓመታት በኋላም ቢሆን እንደ ግራጫ ነጥብ ብቅ ይላል።

ቀጥሎ ውስጡ ይበሳል፤ መደገፊያው ቆርቆሮም አብሮ ተጠርቦ ይወጣል። ቱቦው ይቃናል፣ ይሞረዳል። ከተነሱበት ብረት ከግማሽ በላዩ በእሳትና በሞረድ ያልቃል። ከዚያ ፈተና አለ። የሊዬዥ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1672 ነው። እዚያ አፈሙዙ ከተለመደው በላይ ባሩድ ጎርሶ ይተኮሳል። ካልፈነዳ ማኅተም ይመታበታል።

መልኩ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። አፈሙዙ በአሲድ ወይም ቀስ ባለ ዝገት ይታከማል። ሁለቱ ብረቶች እኩል ስለማይበሉ ልዩነታቸው ይታያል። ለእያንዳንዱ መልክ ስም ነበረው፦ ቦስተን፣ ዋሽንግተን፣ ክሮል። ክሮል በቤልጂየም ፈረንሳይኛ የተጠቀለለ ጸጉር ማለት ነው፤ ስሙ ልክክ ይላል። በርናር የሚባለው ደግሞ በፓሪሱ አፈሙዝ ሠሪ በሊዮፖልድ በርናር ስም ተጠራ። በጣም የተካኑት ፊደል ሳይቀር በብረቱ ውስጥ ያወጡ ነበር። ዝናው ሲገን አስመሳዩ በዛ፤ ተራ ቱቦ ላይ መልኩን በአሲድ የሚያትሙ ተነሱ። ሐሰተኛው ሲፋቅ ይጠፋል፤ እውነተኛው ግን እስከ ውስጥ ድረስ ስለሆነ እንደገና ይወጣል።

ሙያውን ያዳከመው ሌላ ብረት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ወጥ አረብ ብረት በብዛትና በርካሽ ይመረት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1884 ደግሞ ፈረንሳዊው ፖል ቪዬ ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። አፈሙዞቹ የተሠሩት ግን ለቀድሞው፣ ግፊቱ ለሚያንሰው ጥቁር ባሩድ ነበር። ጥሩ ሆነው የተሠሩት አዲሱንም ችለውታል፤ የገበያው እምነት ግን ወደ ወጡ ብረት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊዬዥ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ጥቂት ምድጃዎች ናቸው። ዛሬ አሮጌ የደማስቆ አፈሙዝ ያለው ሰው ባለሙያ ሳያሳይ መተኮስ የለበትም፤ ስንጥቁ በዓይን አይታይም።

እኔን ሁሌም የሚቆጨኝ የስሙ ነገር ነው። ከላይ በጉልህ የሚጻፈው ጠመንጃውን ገጣጥሞ የሸጠው ነጋዴ ነው። እሳት ፊት የቆመው ሰው ግን አለ። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት ፍቱትና ገልብጡት። ብዙ ጊዜ ማንም በማያየው ቦታ ሁለት ትንንሽ ፊደላት ተመትተው ታገኛላችሁ። የቀጥቃጩ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው።